ከልኳንዳ ቤት ጓሮ የወጣው አውቶሞቢል

መኪና ያለው ሰው የመኪናውን ስም ለማወቅ ድካም የለበትም፤ ስሙ በኮፈኑ ላይ ተለጥፎ ይታያል። ከዚያ አልፎ ሞተሩን ማን እንደ ሠራው፤ ካምቢዮው ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለ ምን ይጠይቃል? ፎርድ የገዛ ሰው ሞተሩም መሪውም የፎርድ እንደ ሆነ ያምናል። መለዋወጫ ሲያስፈልገው ወደ ፎርድ ወኪል ሄዶ ይገዛል፤ ነገሩም በዚሁ ያልቃል።

በብሪታንያ ግን ነገሩ በዚህ የማያልቅላቸው የመኪና ባለቤቶች አሉ። በኮፈኑ ላይ ቀይ ዘንዶ ያለበትን ጊልበርን የሚባለውን መኪና የያዘ ሰው፤ ሞተሩ ቢታመምበት ወደ ፎርድ መለዋወጫ ሻጭ ይሄዳል። የፊት እግሩ ቢላላበት ወደ ኤም ጂ መለዋወጫ ሻጭ ይሄዳል። በሩ ቢሰነጠቅበት ደግሞ ወደ ገዛ እጁ ወይም ወደ ባልንጀራው እጅ ከመሄድ በቀር ሌላ መንገድ የለውም፤ መኪናውን የሠራው ኩባንያ ከተዘጋ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታልና። ዛሬ ስለዚህ መኪናና እሱን ይዞ ስለ መኖር ጥቂት ልንናገር አስበናል። በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከልኳንዳ ቤት ነው። በከሰል ድንጋይዋና በብረቷ በታወቀችው በዌልስ፤ በግላሞርጋን አውራጃ፤ ቸርች ቪሌጅ በምትባል መንደር ጃይልስ ስሚዝ የሚባል ሥጋ ሻጭ ነበር። ይህ ሰው በ1950ዎቹ ዓመቶች መጨረሻ ላይ ለራሱ የሚነዳው አንድ የስፖርት መኪና ለመሥራት ፈለገ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ወጣቶች ዘንድ አሮጌ ኦስቲን ወይም አሮጌ ፎርድ በርካሽ ገዝቶ፤ የዛገውን ገላ ጥሎ፤ በሻንሲው ላይ ከፋይበር ግላስ የተሠራ አዲስ ገላ መጫን ልማድ ሆኖ ነበር። ስሚዝም ያሰበው ከዚህ የራቀ አልነበረም። ነገር ግን የፋይበር ግላስን ሥራ ከሚያውቅ በርናርድ ፍሪዘ ከሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ጋር ተገናኘና፤ ሁለቱ ተመካክረው የሌላ ሰው ገላ ከመግዛት የራሳቸውን መኪና ከመሠረቱ ሠሩ። በ1959 ሥራው ሲያልቅ በውጤቱ በጣም ስለ ተደሰቱ፤ ለአንድ ሰው የታሰበውን መኪና ለገበያ ለማቅረብ ቆረጡ። ስሙንም ከሁለቱ ስሞች የመጀመሪያ ፊደሎች ወስደው ጊልበርን አሉት። (ጃይልስና ጊል በእኛ አነባበብ ይለያያሉ እንጂ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ አጀማመራቸው አንድ ነው።)

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች የተሠሩት ከልኳንዳው በስተጀርባ በነበረው ማረጃ ቤት ውስጥ ነው። ትንሽ ቆይቶ ሥራው ቦታ ስለ ጠበበው ላንትዊት ፋርድሬ ወደምትባለው ጎረቤት መንደር፤ ቀድሞ የከሰል ድንጋይ ይወጣበት ወደ ነበረ ስፍራ ተዛወረ። ኩባንያው ከ1959 እስከ 1973 ባሉት ዓመቶች በጠቅላላው የሠራቸው መኪኖች ከ1,000 ጥቂት ቢበልጡ ነው። ይኸውም ሲካፈል በዓመት 70 ያህል ብቻ መሆኑ ነው። ጊልበርን የእግሩን ብረት ይወስድበት የነበረው ኤም ጂ ቢ የሚባለው መኪና ግን ከ1962 እስከ 1980 ድረስ ከ500,000 በላይ ተሠርቷል።

እዚህ ላይ ተማሪው አንባቢያችን ሳይጠይቅ አያልፍም። አንድ ባለ ልኳንዳና አንድ መሐንዲስ ከጥቂት ሠራተኞች ጋር ሆነው እንዴት አውቶሞቢል ሊሠሩ ቻሉ? መልሱ ቀላል ነው፤ ከባዱን ነገር አልሠሩትም። ሞተር ለመሥራት ብረት የሚቀልጥበት ቤት፤ ቅርጽ የሚወጣበት ፎርማ፤ ጥርስ የሚቆርጥና ዘንግ የሚጠርብ መሣሪያ ያስፈልጋል። ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ገንዘብ አሥር ሞተር ቢሠራ ወይም መቶ ሺህ ሞተር ቢሠራ እምብዛም አይለያይም። ወጪውን በመቶ ሺህ መኪና ላይ የሚያካፍል ትልቅ ኩባንያ ሞተሩን በጥቂት ፓውንድ ሲያወጣው፤ በዓመት 70 መኪና የሚሠራ ትንሽ ኩባንያ ግን በአንዱ ሞተር ብቻ ይከስራል። ስለዚህ ትንሹ ሞተሩን፤ ካምቢዮውን፤ ዲፈረንሻሉን፤ ፍሬኑንና መሪውን ከትልቁ ይገዛል። የመኪናው ገላም ቢሆን ከላሜራ የሚሠራ ከሆነ ቤት የሚያህል መጭመቂያ ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ነው ፋይበር ግላስ የሚረዳው። እንደ ክር የቀጠነው መስታወት በፎርማው ላይ እየተነጠፈ በፈሳሽ ሙጫ ይታሻል፤ ሲደርቅም ጠንካራና ቀላል ቅርፊት ይሆናል። ለዚህ ሥራ ብሩሽና ትዕግሥት ይበቃል።

እንግዲህ ለጊልበርን ሰዎች የቀረላቸው ሥራ ሁለት ነበር። አንደኛው ባለ አራት ማዕዘን ቱቦላሬ በይዶ ሻንሲ መሥራት፤ ሁለተኛው ገላውን አውጥቶ ከሻንሲው ጋር ማጣበቅ። ይህ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን የመኪናው ጠባይ የሚወሰነው በዚሁ ነው። ክብደቱ በየትኛው ጎማ ላይ እንደሚያርፍ፤ ነጂው ምን ያህል ወደ መሬት ቀርቦ እንደሚቀመጥ፤ የኋላው እግር በባሌስትራ ይያዝ ወይስ በሞላ፤ ይህን ሁሉ የወሰኑት እነሱ ናቸው። ኤም ጂ ቢ ከኋላ በባሌስትራ ሲሄድ፤ ያንኑ የኋላ አክስል የተዋሰው ጊልበርን ግን በሞላ ላይ አስቀምጦታል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። እኛ ግን ይህ ተረት ለዚህ መኪና የሚስማማ አይመስለንም፤ የተዋሰውን አቅልጦ በራሱ መልክ ያጌጠበት ይመስለናል።

በዚህ ሥራ ጊልበርን ብቻውን አልነበረም። በዚያው ዘመን በብላክፑል ቲ ቪ አር፤ በአራት ወንድማማቾች እጅ ጂኔታ፤ የሻንሲውን ሥራ ከተጣበቀ ጣውላ የጀመረው ማርኮስ ነበሩ። (በእንጨት ሻንሲ ላይ ተቀምጦ መሽቀዳደም ለእኛ ድፍረት ይመስለናል፤ የሠራው ግን የአውሮፕላን ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው።) ሎተስም በ1957 ያወጣውን ሰቨን የሚባለውን ራቁቱን የቀረ መኪና በዚሁ ዘዴ ይሸጥ ነበር። ይህ ሁሉ ፋብሪካ በአንድ ጊዜ እንደ እንጉዳይ የፈላበት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ቀረጥ ነው።

የብሪታንያ መንግሥት በ1940፤ በጦርነቱ ጊዜ፤ የመግዣ ቀረጥ የሚባለውን ደነገገ። ጦርነቱ ሲያልቅ ቀረጡ አላለቀም። በ1959 በአውቶሞቢል ላይ የተጫነው ቀረጥ የጅምላው ዋጋ 50 በመቶ ነበር፤ በ1962 መጨረሻ ላይ ነው ወደ 25 የወረደው። ይህ ቀረጥ የሚከፈለው ግን ተሠርቶ ባለቀ አውቶሞቢል ላይ ነው። ያልተገጠመ መኪና በሕግ ፊት አውቶሞቢል ሳይሆን የዕቃ ክምር ነውና፤ ገዢው ራሱ በቤቱ የሚገጥመው ከሆነ ቀረጡን አይከፍልም። ስለ ሎተስ የሚተረከው ጨዋታ ከዚህ የመጣ ነው፤ ከዕቃው ጋር የአገጣጠም መመሪያ መስጠት ስለማይቻል ኩባንያው የአፈታት መመሪያ ይሰጥና ገዢው ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው ያነበው ነበር ይባላል።

ጊልበርን ለገዢው ብዙ አላስቸገረም። ገላው ከሻንሲው ጋር ተጣብቆ፤ ቀለሙ ተቀብቶ፤ ወንበሩና የኤሌክትሪክ ሽቦው ገብቶ ይመጣል። ለገዢው የሚቀርለት ሞተሩን፤ ካምቢዮውን፤ የኋላውን አክስል፤ ማርሚታውንና ጎማውን መግጠም ነው። ካቻቢቴና ቁልፍ መያዝ የለመደ፤ አንድ ሁለት የሚረዱ ባልንጀሮች ያሉት ሰው ሥራውን በእረፍት ቀኖቹ ይጨርሰዋል። በዚህ ዓይነት በደመወዙ የስፖርት መኪና ለመግዛት አቅም ያልነበረው ወጣት መሐንዲስ ወይም አስተማሪ፤ የጎደለውን በእጁ ድካም ሞልቶ ባለ መኪና ሆነ። እኛ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ይበልጥ ደስ የሚለን ይህ ነው። ቀረጡን ያወጣው መንግሥት ሳያስበው ለብዙ ወጣቶች የቴክኒክ ትምህርት ቤት ከፈተላቸው።

የመኪናው ዓይነቶች ሦስት ናቸው። እስከ 1967 ድረስ የተሠራው ጂ ቲ የሚባለው ሲሆን፤ በመጀመሪያ የትንሹን ስፕራይት፤ ቀጥሎ የኤም ጂ ኤ፤ በመጨረሻም የኤም ጂ ቢን ሞተር ይዟል። በ1966 ጂኒ የሚባለው ወጣ፤ እሱም ፎርድ ለትልልቆቹ ዜፈርና ዞዲያክ የሠራውን ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ያዘ። በ1969 የወጣው ኢንቬደር ከሁሉም የበዛው ነው። ባለ ሦስት ሊትር ሞተር ይዞ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ ነበር። የኢንቬደር ሦስተኛው ዓይነት በ1972 ሲወጣ ግን የኤም ጂ እግር ተትቶ የፎርድ ኮርቲና እግር ተተካ። እንግዲህ ሁለት ጊልበርኖች ጎን ለጎን ቢቆሙ በመልክ ወንድማማቾች ሲሆኑ አንዱ ለሌላው አንድ ብሎን እንኳ ላያበድር ይችላል ማለት ነው።

የባለቤቱ ሕይወት እንዴት ነው? ነገሩን ከመልካሙ እንጀምር። ጊልበርን በቁጥር ብርቅ ሆኖ ሳለ የውስጥ ዕቃው ግን ከማንኛውም የታወቀ የድሮ መኪና ዕቃ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። ኤም ጂ ቢ ይህን ያህል ብዙ ስለ ተሠራና ወዳጆቹ ስለ በዙ፤ የፍሬኑ፤ የመሪውና የፊት እግሩ ዕቃ እስከ ዛሬ በአዲስ ይሠራል። ከ1988 ጀምሮ ሙሉ ገላው እንኳ እንደገና ሲሠራ ቆይቷል። የፎርዱም ሞተር በካፕሪና በሌሎችም ብዙ መኪኖች ውስጥ ስለ ገባ አዋቂው ብዙ ነው። አንዳንድ በከፍተኛ ዋጋ የሚሸጡ ብርቅ መኪኖች ለአንድ ፖምፓ ወራት ሲቆሙ፤ ጊልበርን ያለው ሰው በሳምንቱ መጨረሻ ጠግኖ ይነዳል።

ሞተሩ ጠንካራ ቢሆንም አንድ የታወቀ ነውር አለበት። ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ የሚያዞረው ማርሽ ድምፅ እንዳያበዛ ተብሎ የተሠራው ከብረት ሳይሆን ከተጠቀጠቀ ፋይበር ነው። ዘመኑ ሲደርስ ጥርሱ ይረግፍና ሞተሩ በመንገድ ላይ ባንድ ጊዜ ቀጥ ይላል። አዋቂ ባለቤት ይህን ሳይጠብቅ በብረት ይለውጠዋል። ይህን ምክር ከጊልበርን ሰው ብቻ ሳይሆን ያንኑ ሞተር ከያዘ የካፕሪ ባለቤትም ማግኘት ይቻላል፤ በሽታው አንድ ነውና።

ኤሌክትሪኩ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይለያል፤ ፊዚክስ የተማረ ወጣትም ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በብረት ገላ በተሠራ መኪና ውስጥ ለአንዱ መብራት አንድ ሽቦ ብቻ ይበቃዋል። ኤሌክትሪኩ በሽቦው ሄዶ አምፑሉን ካበራ በኋላ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በራሱ በመኪናው ገላ በኩል ነው። ፋይበር ግላስ ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ እያንዳንዱ መብራት፤ እያንዳንዱ ፍሬቻ፤ በክሩስኮቱ ላይ ያለውም መለኪያ ሁሉ የራሱ መመለሻ ሽቦ ያስፈልገዋል። ከእነዚህ ሽቦዎች አንዱ ጫፉ ቢዝግ ወይም ቢላላ አስቂኝ ነገር ይሆናል፤ ኤሌክትሪኩ መመለሻ ሲያጣ በሌላው መብራት በኩል ዞሮ ይሄዳል። ነጂው ፍሬኑን ሲረግጥ ፍሬቻው ይበራል፤ ፍሬቻውን ሲያበራ የቤንዚን መለኪያው ይወዛወዛል። ይህን ያላወቀ መካኒክ አምፑል እየለወጠ ቀኑን ያመሻል፤ ያወቀ ግን በመጀመሪያ የሽቦዎቹን ጫፍ በአሸዋ ወረቀት ያሻል።

ከሁሉ የከፋው ግን የማይታየው ነው። ገዢው ሁሉ ፋይበር ግላስ አይዝግም ሲሉት ይደሰታል፤ እውነት ነው፤ ገላው አይዝግም። ነገር ግን ከገላው ሥር ያለው ሻንሲ ብረት ነው። ብረቱም ቱቦላሬ ስለ ሆነ ውኃ ከገባበት ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። በብረት ገላ መኪና ላይ ዝገት ቀለሙን አሳብጦ ራሱን ያስታውቃል፤ በዚህ መኪና ላይ ግን ውጭው እንደ መስታወት ሲያበራ ውስጡ ወንፊት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የእግሮቹ ማሰሪያ፤ የደኅንነት ቀበቶውም ማያያዣ የሚይዙት በዚሁ ብረት ላይ ነው። ከዚህም በላይ ገላው ከሻንሲው ጋር የተጣበቀ ስለ ሆነ፤ የበሰበሰውን ቱቦላሬ ለመለወጥ በመጀመሪያ ፋይበር ግላሱን ቆርጦ ማንሣት፤ ከብየዳው በኋላም መልሶ ማንጠፍ ግድ ነው። ሥራው የወራት ሥራ ነው፤ ገንዘብ ከፍሎ የሚያሠራው ሰው ከመኪናው ዋጋ በላይ ሊያወጣ ይችላል። እንዲህ ያሉ መኪኖች ተፈታትተው በየጋራዡ ጥግ ሳይገጠሙ ዓመት ላይ ዓመት የሚቆጥሩት በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ላይ የሕጉን ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በብሪታንያ ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈ መኪና የመንገድ ቀረጥ አይከፍልም። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ አሠራሩ በብዙ ካልተለወጠ በየዓመቱ ይደረግ የነበረውን የደኅንነት ምርመራ የማድረግ ግዴታ የለበትም። ጊልበርኖች ሁሉ ዛሬ ከዚህ ዕድሜ አልፈዋል። ስለ ቀረጡ ቅሬታ የለንም። ምርመራው መቅረቱ ግን ለዚህ ዓይነቱ መኪና ስጦታ ነው ብለን ለማመን ይቸግረናል። ሕጉ ያሰበው ባለቤቱ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቀውን የታወቀ የብረት መኪና ሳይሆን አይቀርም፤ ዝገቱን ሰውሮ የሚይዘውን አይመስለንም። ባይገደዱም መኪናቸውን በፈቃዳቸው እያስመረመሩ የሚነዱ ባለቤቶች አሉ። የሚያስመሰግናቸው ነው፤ በ180 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነገር ላይ ከነሱ ጋር የሚቀመጥ ሚስት ወይም ልጅ አለና።

የገላው ዕቃ ሌላ ጣጣ ነው። መስታወቱ፤ በሩ፤ ኮፈኑ የማንም ሌላ መኪና አይደለም። በአደጋ የተሰበረ ኮፈን የሚተካው ደህና ኮፈን ያለው ሌላ ባለቤት ሲያበድር ነው። በተበደረው ላይ ፎርማ ይወጣበታል፤ ከፎርማው አዲሱ ኮፈን ይነጠፋል፤ የተበደረው ለባለቤቱ ይመለሳል። የባለቤቶቹ ማኅበር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ማኅበርተኛው ዓመታዊ መዋጮውን የሚከፍለው ሻይ ለመጠጣት ብቻ አይደለም፤ ደህና ኮፈን ያለው ሰው የት እንደሚገኝ ለማወቅ ነው። በዘንዶ ምልክት የሚኮሩ የዌልስ ሰዎች በዚህ ውስጥ መኖራቸው አያስደንቅም፤ በመኪና ሥራ ስሟ እምብዛም ያልተጠራው አገራቸው ከዚህ ሌላ በስሟ የምትጠራው ብዙ የላትምና።

ኩባንያው እንዴት ጠፋ? መሥራቾቹ ካምፓኒውን በ1968 ለሌላ ባለ ሀብት ሸጡት። አዲሶቹ ባለቤቶች መኪናውን ይበልጥ የተመቸና የተዋበ አደረጉት፤ ሦስተኛውን ኢንቬደር ከነጭራሹ ተገጥሞ ያለቀ ካልሆነ አልሸጡትም። ዋጋውም ወደ ላይ ወጣ። በ1 ኤፕሪል 1973 የመግዣው ቀረጥ ተሽሮ በምትኩ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተተካ፤ ይህኛው ታክስ የተገጠመውንም ያልተገጠመውንም አይለይም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የነዳጅ ችግር መጣ፤ ባለ ሦስት ሊትር ሞተር የሚፈልግ ሰው ጠፋ። ጊልበርንም ተዘጋ። ከባልንጀሮቹ ውስጥ እስከ ዛሬ ከቀጠሉት አንዱ ሰቨን ነው። ካተርሃም የሚባል ኩባንያ በ1973 ከሎተስ ተረክቦት አሁንም ለሚፈልግ ሰው ሳይገጠም ይሸጠዋል፤ ቀረጥ ለማምለጥ ሳይሆን መግጠሙን ለሚወድ ሰው ነው።

እንዲህ ያለ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን መሆን የለበትም። በሥሩ ተኝቶ ቱቦላሬውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በካቻቢቴ እጀታ ይምታ፤ ድምፁ ደረቅና ጠንካራ ከሆነ መልካም፤ ከደነዘዘ ወይም ከተሰነጠቀ ይተወው። ቀጥሎ መብራቶቹን ሁሉ አንድ በአንድ ሳይሆን በአንድነት ያብራ። ከዚያ በኋላ ሻጩን ደብተሩን ይጠይቀው። ደህና ባለቤት ሁሉ አንድ ደብተር አለው፤ በውስጡም የትኛው ዕቃ ከየትኛው መኪና፤ ከስንተኛ ዓመት ሥሪት እንደ ተወሰደ፤ የትኛው ተሞርዶ እንደ ገባ፤ የትኛው ሳይገጥም እንደ ቀረ ተጽፏል። ደብተሩ ከመጀመሪያው ባለቤት ለሁለተኛው፤ ከሁለተኛው ለሦስተኛው እየተላለፈ የመጣ ከሆነ የጽሑፉ ዓይነት ሦስት ወይም አራት ይሆናል። ሻጩ ደብተር የለኝም ካለ ዋጋው ላይ እንደገና መነጋገር ይገባል።